ስማቸው በወረቀቱ ላይ ያልነበረ እጩዎች፦ የ2005ቱ የፍልስጤም ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ

ጃንዋሪ 9 ቀን 2005፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1997፣ በዌስት ባንክ፣ በጋዛና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም 800,000 ያህል ሰዎች ወጥተው ፕሬዚዳንት መረጡ። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሰባት ሰዎች ስም ታትሞ ነበር። ማሕሙድ አባስ 62.5 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። ሐኪሙ ሙስጠፋ ባርጉቲ በ19.5 በመቶ ሁለተኛ ወጡ። የቀሩት አምስቱ እያንዳንዳቸው ከ4 በመቶ አልዘለሉም።

ይህን ውጤት አስቀድሞ ያልገመተ ሰው ነበር ለማለት ይከብዳል። ምርጫውን ለጥናት የሚያበቃው ከዚያ በፊት ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ፍልስጤማውያን በእነዚያ ሳምንታት ስለ እጩዎች አጥብቀው ተከራክረዋል። ሆኖም የክርክሩ ዋና እሳት የነደደው ወረቀቱ ላይ ስማቸው ባልታተመ ሰዎች ዙሪያ ነበር። አንደኛው እስር ቤት ነበሩ፤ አንድ ትልቅ ድርጅት አልሳተፍም ብሎ ዳር ቆሟል፤ የሁሉም መለኪያ የነበሩት ሰው ደግሞ የመቃብራቸው አፈር እንኳን ገና አልደረቀም ነበር።

ወንበሩ

ያሲር አራፋት ኖቬምበር 11 ቀን 2004 ከፓሪስ አጠገብ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል አረፉ። በማግስቱ አስከሬናቸው ወደ ራማላህ ተወስዶ የመጨረሻ ዓመታቸውን በእስራኤል ጦር ተከበው ባሳለፉበት የሙቃታዓ ግቢ ተቀበረ። የፍልስጤም መሠረታዊ ሕግ የፕሬዚዳንቱ መንበር ሲጓደል የሕግ አውጪው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለ60 ቀናት እንዲተካና በዚያው ጊዜ ውስጥ ምርጫ እንዲካሄድ ያዝዝ ነበር። አፈ ጉባኤው ራውሒ ፈቱህ ያንኑ ዕለት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚም በዚያው ቀን ማሕሙድ አባስን፣ ሕዝቡ አቡ ማዜን የሚላቸውን፣ ሊቀመንበሩ አደረገ።

ሽግግሩ ሰላማዊ ስለመሆኑ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ኖቬምበር 14 አባስ ጋዛ ውስጥ ለአራፋት በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ሲገኙ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ሁለት የጸጥታ አባላት ተገደሉ። ለቅሶ ደራሹን በጥይት የተቀበሉት ከራሱ ድርጅት፣ አራፋትም ይመሩት ከነበረው ከፋታህ የወጡ ሰዎች ናቸው ተብሎ በሰፊው ተነገረ። በዚህ መሐል ሕጉ ያስቀመጠው ቀጠሮ ሳይዛነፍ መጠበቁ በዚያ አገር ታሪክ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ወንበሩ ራሱ ምን ያህል ይመዝናል የሚለውም አከራካሪ ነበር። ቦታው እስራኤልና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት በ1990ዎቹ የተፈራረሙት የኦስሎ ስምምነት ውላጅ ነው፤ ድንበሩንም ሰማዩንም የማይቆጣጠር፣ የራሱ ገንዘብ የሌለው አስተዳደር መሪነት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫ የተደረገበት በጃንዋሪ 1996 ሲሆን፣ ያኔ አራፋትን የተፎካከሩት ብቸኛ ሰው ሰሚሓ ኻሊል የተባሉ የአል-ቢራ ከተማ የበጎ አድራጎት ማኅበር መሥራች ነበሩ። አራፋት 88 በመቶ ያህል አገኙ፤ እርሳቸው 11 በመቶ ከፍ ያለ። ያለ ገንዘብና ያለ ድርጅት ከአራፋት ፊት ለፊት ቆሞ ይህን ያህል ድምፅ ማግኘት ከተባለለት በላይ የሚያስከብር ይመስለኛል።

በ2003 አሜሪካና እስራኤል የአራፋትን ሥልጣን ለመሸራረፍ ባደረጉት ግፊት የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ ተፈጠረ፤ የመጀመሪያው ተሿሚም አባስ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ የጸጥታ ኃይሉን አላስረክብም ብለው አስቸገሯቸውና በሴፕቴምበር 2003 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ያ የተሸራረፈው መንበር ለራሳቸው ቀረበላቸው። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በ2006 የፋታህ ተቀናቃኝ የሆነው እስላማዊው ድርጅት ሃማስ የምክር ቤቱን ምርጫ ሲያሸንፍ፣ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ይቀነስ ሲሉ የነበሩት ወገኖች ዞር ብለው ገንዘቡም ትእዛዙም በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ይለፍ ማለት ጀመሩ።

አሥራ አንድ ቀን

የዚህ ጥናት እምብርት ከዲሴምበር 1 እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2004 ያለው ጊዜ ነው።

ማርዋን ባርጉቲ በ1959 ራማላህ አጠገብ ባለችው ኮበር መንደር ተወለዱ። በፋታህ ውስጥ ሁለት ትውልድ ነበር። አንደኛው ከአራፋት ጋር ቤይሩትና ቱኒስ በስደት ኖሮ ከኦስሎ በኋላ የተመለሰው፣ ቢሮውንና በጀቱን የያዘው ነው። ሁለተኛው እዚያው በእስራኤል ይዞታ ሥር ያደገ፣ ዕብራይስጥን እስር ቤት ውስጥ የተማረ፣ የ1987ቱን ኢንቲፋዳ፣ በእስራኤል ይዞታ ላይ የተነሣውን ሕዝባዊ አመፅ፣ የመራ ነው። ማርዋን የሁለተኛው ትውልድ ፊት መሪ ነበሩ፤ በዌስት ባንክ የፋታህ ዋና ጸሐፊም ሆነው ሠርተዋል። እስራኤል በኤፕሪል 2002 ያዘቻቸው፤ በ2004 ደግሞ ፍርድ ቤቷ በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ አምስት የዕድሜ ልክ እስራትና 40 ዓመት ፈረደባቸው። እርሳቸው የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አልቀበልም ብለው መከላከያ አላቀረቡም።

የፋታህ አመራር አባስን እጩ ሲያደርግ ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፦ ማርዋንስ? የፋታህ ሰው የሆኑት ሚኒስትር ቃዱራ ፋሪስ እስር ቤት ድረስ ሄደው አነጋገሯቸውና በኖቬምበር መጨረሻ ማርዋን እንደማይወዳደሩ፣ ደጋፊዎቻቸውም አባስን እንዲመርጡ መጠየቃቸውን ለጋዜጠኞች አስታወቁ። ነገሩ ያለቀ የደቀቀ መሰለ። ዲሴምበር 1 ግን የእጩዎች ምዝገባ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት የማርዋን ባለቤት ጠበቃዋ ፋድዋ ባርጉቲ ራማላህ በሚገኘው የምርጫ ኮሚሽን ቢሮ ተገኝተው የባለቤታቸውን ስም በግል እጩነት አስመዘገቡ። ለግል እጩ የ5,000 መራጮች ፊርማ ያስፈልግ ነበር።

የተነሣው ክርክር ከየትኛውም የዘመቻ ንግግር የበለጠ ጥልቀት ነበረው። ደጋፊዎቻቸው የሚሉት ይህን ነበር፦ ፋታህ ጠቅላላ ጉባኤ ካካሄደ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አባስን የመረጧቸው ጥቂት አዛውንቶች ናቸው፤ ስለዚህ ሕዝቡ በቀጥታ ይፍረድ። በተጨማሪም ፍልስጤማውያን በእስር ቤት ያለ ሰው ቢመርጡ እስራኤል የሕዝብ ምርጫ የሆነን ፕሬዚዳንት በክፍሉ ቆልፋ መያዟን ለዓለም ማስረዳት ይኖርባታል። ይህ መከራከሪያ ብልሃት ነበረው፤ ድምፁን ከአስተዳደር ጥያቄ አውጥቶ ወደ ነፃነት ጥያቄ ይለውጠዋልና።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የዕለት ተዕለቱን ነገር ያነሡ ነበር። ደመወዝ የሚፈርመው፣ የጸጥታ ኃይሉን የሚያዝዘው፣ ከዋሽንግተን የሚመጣ መልእክተኛን የሚቀበለው ማን ነው? ካቢኔው በጠበቃ ጉብኝት ሊመራ ነው? ፋታህ ለሁለት ከተሰነጠቀስ ትርፉ ለማን ነው? የእስራኤል ባለሥልጣናትም ሰውየው ከእስር እንደማይወጡ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። የአራፋት ሞት ያስደነገጠው ሕዝብ ሌላ የማይታወቅ ጎዳና መጀመር መፍራቱም እውነት ነው፤ ጋዛ ውስጥ የተተኮሰው ጥይት ገና ከሰው ጆሮ አልጠፋም።

የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ሁለቱ ተቀራራቢ መሆናቸውን ያሳዩ ነበር። ይህን ነው በቅጡ ማየት የሚያስፈልገው። ጃንዋሪ ላይ 62 በመቶ ያገኙት አባስ ዲሴምበር መግቢያ ላይ ከአንድ እስረኛ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ነበሩ።

ዲሴምበር 12 ቀን ማርዋን ራሳቸውን ከፉክክሩ አገለሉ። ደብዳቤያቸው ራማላህ ውስጥ ለጋዜጠኞች ተነበበ። አባስን እደግፋለሁ ይልና ከእጩው የሚጠበቀውን ይዘረዝራል፤ በስደተኞች የመመለስ መብት አለመደራደር፣ የእስረኞች ጉዳይ ከድርድሩ እንዳይወጣ፣ ለፋታህም ለዓመታት የተጓተተው ስድስተኛ ጉባኤ እንዲጠራ። ጉባኤው እንዲካሄድ ቃል ተገባ፤ የተካሄደው ግን በኦገስት 2009 ቤተልሔም ውስጥ ነው፣ አምስተኛው በቱኒስ ከተካሄደ ከሃያ ዓመት በኋላ።

ማርዋን ለምን እንደተመለሱ ብዙ ተብሏል። ግፊቱ ከባድ ነበር፤ ከአሮጌው አመራር ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ወጣት ባልደረቦችም ጭምር። በእኔ ግምት የወጣቶቹ መሸሽ ነው የወሰነው። ቃዱራ ፋሪስና መሰሎቹ የሚቀጥለውን የምክር ቤት ምርጫና የፋታህን ጉባኤ ይጠብቁ ነበር፤ ድርጅቱን ከውስጥ መያዝ ሲቻል ከውጭ መስበር አላሳመናቸውም። ሒሳቡ ስህተት አልነበረም፤ ግን ለአባስ ተፎካካሪ የሚባል ሰው ሳይኖር ምርጫ እንዲገቡ አደረጋቸው።

አባስ ምን አሉ?

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በአንድ ጉዳይ ላይ ተጠቀለለ፤ የጦር መሣሪያ። አባስ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ለአል-ሸርቅ አል-አውሳጥ ጋዜጣ በሰጡት ቃል በ2000 የጀመረው ሁለተኛው ኢንቲፋዳ በመሣሪያ መታጀቡ ጎጂ እንደነበረና መቆም እንዳለበት ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ይህን በአደባባይ ማለት ድፍረት ነው። ለእጩ ደግሞ አደጋም ነው።

ስለዚህ ዲሴምበር 30 ጄኒን ውስጥ የታየው ትዕይንት ብዙ አነጋገረ። ሙሉ ልብስና ክራባት የለበሱት የ69 ዓመቱ አዛውንት በታጣቂዎች ትከሻ ላይ ተቀምጠው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ ታዩ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እስራኤል አጥብቃ ትፈልገው የነበረው የፋታህ ታጣቂ ክንፍ የሆነው የአል-አቅሳ ሰማዕታት ብርጌድ የጄኒን አዛዥ ዘካሪያ ዙበይዲ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ አባስ ምቾት ያላቸው አይመስሉም። ጃንዋሪ 4 ደግሞ ሰሜን ጋዛ ቤት ላሂያ ላይ የእስራኤል ታንክ የተኮሰው ጥይት እንጆሪ ማሳ ውስጥ ሰባት ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ወጣቶችና የአንድ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። የእስራኤል ጦር ዒላማው ሞርታር ተኳሾች ነበሩ አለ። በዚያው ቀን ኻን ዩኒስ ላይ ንግግር ያደርጉ የነበሩት አባስ እስራኤልን “የጽዮናዊው ጠላት” ብለው ጠሩ። ቃሉ ከእርሳቸው አፍ ተሰምቶ ስለማያውቅ በኢየሩሳሌምም በዋሽንግተንም ቁጣ አስነሣ።

ተቺዎቻቸው ይህን ሁለት ልብ አሉት። እኔ እንደዚያ አላየውም። አባስ ጄኒን ትከሻ ላይ ተቀምጠውም ቢሆን መሣሪያው ይቁም ያሉትን ቃል አላነሡም። ታጣቂዎቹን አሳምኖ ማስቆም እንጂ በጉልበት ማስፈታት እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ቀርበው አቀፏቸው። የዘመቻ ፖስተራቸው ላይም ከአራፋት ጎን የሚታዩበት ፎቶግራፍ ተመርጦ ነበር። አራፋት የነበራቸው ግርማ እንደሌላቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።

ሐኪሙና ግራ ዘመሞቹ

ሙስጠፋ ባርጉቲ ከማርዋን ጋር ሰፊ የሆነ የአንድ ጎሣ ዝምድና አላቸው፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሐኪም ናቸው፤ በ1979 ወደ ገጠር መንደሮች የሚሄድ የሕክምና እርዳታ ኮሚቴ መሠረቱ፤ በ2002 ከምሁሩ ኤድዋርድ ሰዒድና ከጋዛው አዛውንት ሐኪም ሐይደር አብደል-ሻፊ ጋር የፍልስጤም ብሔራዊ ተነሣሽነት የሚባለውን እንቅስቃሴ አቋቋሙ። የሚሉት ግልጽ ነበር፦ በመሣሪያ ፈንታ ሰፊ ሕዝባዊ ሰላማዊ ትግል፣ በተለይ እስራኤል ዌስት ባንክ ውስጥ ትገነባው በነበረው ግንብ ላይ፤ ሙስና ይቁም፤ ድርድር ከሆነ በደረጃ የተከፋፈለ ሳይሆን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የሚደረግ። ዘመቻቸው ላይ የእስራኤል ወታደሮችና ፖሊሶች ከአንድ ጊዜ በላይ ይዘዋቸዋል፤ ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት፣ አርብ ጃንዋሪ 7፣ አል-አቅሳ መስጊድ ለመስገድ ሲሄዱ በአሮጌው ከተማ በር ላይ ታሰሩ። እያንዳንዱ እስር ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ የበለጠ ጠቀማቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግራ ዘመሞቹ አንድ እጩ ማቅረብ አቅቷቸው ተበታተኑ። ሕዝባዊ ግንባሩ ሙስጠፋን ሲደግፍ፣ ዴሞክራሲያዊ ግንባሩ ተይሲር ኻሊድን፣ የሕዝብ ፓርቲው ባሳም ሳልሒን ይዞ ወጣ። የሦስቱ ድምፅ ሲደመር ወደ 25 በመቶ ይጠጋል። ከግል እጩዎቹ አንዱ አብደል-ሐሊም አል-አሽቀር አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ በቁም እስር ላይ ሆነው ከ22,000 በላይ ሰው መረጣቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ባዶ የተጣሉትና ዋጋ አልባ የሆኑት ወረቀቶች ሲደመሩ 57,831 ሆኑ። ይህ “እጩ” ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ይወጣ ነበር።

ዳር የቆመው

ሃማስ እጩ አላቀረበም፤ ወንበሩ ከኦስሎ የመጣ ነው የሚለው ምክንያቱ ነበር። በዚያው ሰሞን ዲሴምበር 23 በዌስት ባንክ በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ግን ተወዳድሮ ብዙ መቀመጫ አገኘ። ፕሬዚዳንትነቱን ንቆ ማዘጋጃ ቤቱን ያዘ። ስለ እጩዎች የተከራከሩ ተንታኞች አብዛኞቹ ይህን ጎን አላዩትም፤ ከዓመት በኋላ በጃንዋሪ 2006 ሃማስ ከ132ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 74ቱን ሲወስድ ነው የነቁት።

የምርጫው ቀን

ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በእስራኤል ፖስታ ቤቶች ነው። በ1995ቱ ስምምነት እንደተወሰነው መራጩ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ መስኮቱ ይቀርባል፤ ወረቀቱም እንደ ደብዳቤ ተቆጥሮ ይላካል። በዚህም እስራኤል በከተማዋ የውጭ ምርጫ አልተካሄደም ትላለች፤ ፍልስጤማውያን ደግሞ በኢየሩሳሌም መርጠናል ይላሉ። የፖስታ ቤቶቹ ድርሻ 5,000 ያህል ሰው ብቻ ስለነበር የቀረው ነዋሪ ከከተማው ወሰን ውጭ ወጥቶ መምረጥ ነበረበት። መታወቂያችንን እንነጠቃለን የሚል ስጋትም ብዙዎችን እቤት አስቀርቷል። ጠዋት ላይ የመጡ ሰዎች ስማቸው በፖስታ ቤቱ ዝርዝር ላይ አልተገኘም ተብለው ሲመለሱ፣ ታዛቢው ጂሚ ካርተር ከእስራኤል ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግረው መፍትሔ አስገኙ። እኚሁ ካርተር ከአራት ወር በኋላ በግንቦት 7ቱ ምርጫ አዲስ አበባ የተገኙት ናቸው።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ከኢየሩሳሌም ውጭም የመራጩ ቁጥር የተፈለገውን ያህል አልሆነም። የምርጫ ኮሚሽኑ በማዕከላዊው መዝገብ ከተመዘገቡት 1.1 ሚሊዮን ገደማ መራጮች ሌላ በነዋሪዎች መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ በየትኛውም ጣቢያ እንዲመርጡ ፈቀደ፤ ጣቢያዎቹ የሚዘጉበትንም ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት አራዘመ። ጃንዋሪ 15፣ አባስ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ የኮሚሽኑ ከፍተኛ ኃላፊዎች ያሉባቸው 46 ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ። ሰዓቱን ያራዘምነው ከአባስ ዘመቻና ከጸጥታ ሰዎች በመጣብን ጫና ነው አሉ።

የውጭ ታዛቢዎች ይህን ነቅፈው ምርጫው በአጠቃላይ የሕዝቡን ፈቃድ ያንጸባረቀ ነው ብለው ደመደሙ። ልክ ናቸው። ከሁለተኛው ጋር ከ40 በመቶ በላይ ልዩነት ያለው አሸናፊ ሁለት ሰዓት አያስፈልገውም ነበር። ለምን ታዲያ ደከሙ? ማሸነፉ ስላልበቃቸው ነው፤ የአራፋትን 88 በመቶ የሚያስታውስ ሕዝብ ፊት ብዙ ሰው የመረጠው ፕሬዚዳንት መሆን ፈለጉ። ያንን ክብደት ሊሰጣቸው ይችል የነበረው ከማርዋን ጋር ፊት ለፊት ተወዳድሮ ማሸነፍ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ዲሴምበር 12 ቀን ተዘግቷል።

ከዚያ ወዲህ

የአባስ የሥራ ዘመን አራት ዓመት ነበር፤ ጃንዋሪ 2009 ላይ አበቃ። ሌላ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ግን አልተካሄደም። በ2007 ሃማስ ጋዛን በኃይል ሲይዝ ጋዛና ዌስት ባንክ ተለያዩ፤ ምክር ቤቱም በ2018 መጨረሻ ተበተነ።

በ2021 አንድ ዕድል ተከፍቶ ነበር፤ ለሜይ 22 የምክር ቤት፣ ለጁላይ 31 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተቀጠረ። 36 ዝርዝሮች ተመዘገቡ። ፋታህ ለሦስት ተከፍሎ ገባ፤ የአባስ ኦፊሴላዊ ዝርዝር፣ ከፋታህ የተባረሩት የመሐመድ ዳሕላን ወገን፣ እንዲሁም የአራፋት እህት ልጅ ናስር አል-ቂድዋ ከማርዋን ባርጉቲ ደጋፊዎች ጋር ያቆሙት። ማርዋን ለፕሬዚዳንትነት እንደሚቀርቡ ይነገር ነበር፤ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችም ማንንም እንደሚበልጡ ያሳዩ ነበር። ኤፕሪል 29 አባስ ምርጫውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙት። የሰጡት ምክንያት እስራኤል በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ፖስታ ቤቶች ድምፅ እንዲሰጥ ስላልፈቀደች ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፤ ኢየሩሳሌምን ትቶ ለመምረጥ የሚደፍር የፍልስጤም መሪ የለም። ሆኖም ከ2005ቱ ምርጫ በፊትም በ2004 የእስራኤል ፖሊስ በከተማዋ የመራጮች ምዝገባ ጣቢያዎችን ዘግቶ ነበር፤ ያኔ ምርጫው አልቆመም፤ ከወረቀቱ ላይ ስሙ የጠፋውም እጩ ራሱን በገዛ ደብዳቤው ያገለለ ነበር። በ2021 ግን ማርዋን ከእስር ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፉ አይመስሉም ነበር።